የሌላውን በር መጠበቅ፦ ስለ ሃይማኖቶች መጪ ግንኙነት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ይህን መድረክ ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ «ሃይማኖቶች ወደፊት እርስ በርስ እንዴት ይኖራሉ?» የሚል ነው። ስለ ወደፊቱ ከመናገሬ በፊት በየቀኑ ስለሚከፈት አንድ በር ላጫውታችሁ። የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ልብ በሉልኝ።

በኢየሩሳሌም የክርስቶስ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ትልቅ የእንጨት በር አለው። ገና ሳይነጋ አንድ ሰው መጥቶ ደጁ ላይ ይቆማል። ውስጥ ያደሩት መነኮሳት በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት መሰላል አሾልከው ያወጡለታል። ሰውየው የታችኛውን መቆለፊያ ከፍቶ መሰላሉን በሩ ላይ ያስደግፍና ወጥቶ የላይኛውን ይከፍታል። ከዚያ በሩ ይገፋል፤ ምእመናን ይገባሉ። በሩን የሚከፍተው ሰው ሙስሊም ነው። ቁልፉን የጁዳ ቤተሰብ ያስቀምጣል፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የኑሰይባ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፤ አደራውን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ ብዙ መቶ ዓመታትን አስቆጥረዋል።

ይህን ታሪክ የሚያሳምሩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ላሳምረው አልፈልግም። ሥርዓቱ ከፍቅር ብቻ የተወለደ አይደለም፤ ከተማዋን በጦር የያዙ ገዥዎች ያጸኑት ነው። በውስጡ የሚያገለግሉት ስድስት አብያተ ክርስቲያናት፣ ግሪኩ፣ ካቶሊኩ፣ አርመኑ፣ ኮፕቱ፣ ሶርያውና ኢትዮጵያዊው፣ እያንዳንዷን ጥግና እያንዳንዷን ደረጃ ተከፋፍለው ይጠብቃሉ። በ2008 የግሪክና የአርመን መነኮሳት እዚያው ውስጥ ተደባድበው ፖሊስ ገብቶ ነው የገላገላቸው። አንዳንዴ ከሩቁ ባዕድ ይልቅ የቅርቡ ወንድም ይከብዳል።

እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሰው የሚከፍተው ክርስቲያኖች «ጌታችን ተሰቅሎ፣ ተቀብሮ፣ የተነሣበት» የሚሉትን ቦታ ነው። የእርሱ ቁርኣን ደግሞ ዒሳ አልተሰቀለም ይላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአለባበስ ወይም የቀን አቆጣጠር ልዩነት አይደለም፤ የሁለቱም እምነት ልብ ላይ ያለ ልዩነት ነው። ሰውየው ያንን ልዩነት ይዞ፣ ከእምነቱ ቅንጣት ሳይቀንስ፣ ሌሊት ተነሥቶ መጥቶ ለሌላው በር ይከፍታል።

የዛሬ ንግግሬ ሐሳብ ከዚህ የሚወጣ ነው። ሃይማኖቶች ወደፊት በሰላም የሚኖሩት ልዩነታቸው ስለሚጠፋ አይደለም። የሚኖሩ ከሆነ፣ እምነቱን በሙሉ ልቡ የያዘ ሰው፣ እርሱ የማያምንበትን የሌላውን በር መጠበቅ የራሱ እምነት ግዴታ መሆኑን ሲያውቅ ነው።

ይህን የምለው ሁለት ሌሎች ትንበያዎች ስላሉ ነው። አንደኛው «ሃይማኖት ራሱ እየከሰመ ስለሚሄድ ጥያቄው ራሱ ይቀራል» ይላል። ታዋቂው የሶሲዮሎጂ ምሁር ፒተር በርገር በ1968 ለአንድ ጋዜጣ፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን አማኞች የሚቀሩት እዚህም እዚያም ተጠጋግተው የሚኖሩ ትናንሽ ቡድኖች ሆነው ነው ብለው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይተው፣ ተሳስቻለሁ ብለው በገዛ ብዕራቸው ጻፉ። ለዚህ ድፍረታቸው አከብራቸዋለሁ። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2025 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2020 ከዓለም ሕዝብ ሦስት አራተኛው ያህል ራሱን ከአንድ ሃይማኖት ጋር ያዛምድ ነበር። ክርስቲያኖች 2.3 ቢሊዮን፣ ሙስሊሞች 2 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ሃይማኖት የለኝም የሚሉትም አንድ አራተኛ ገደማ ናቸውና በምንነጋገርበት ጠረጴዛ ወንበር ይገባቸዋል፤ ይህን አንርሳ። ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ ዛሬ በክርስቲያኖቿ ብዛት ከአውሮፓ በልጣለች። ማዕከሉ ቀደም ሲል በ2015 ባወጣው ትንበያ ደግሞ በ2050 የክርስቲያኖችና የሙስሊሞች ቁጥር ሊተካከል ምንም ያህል አይቀረውም። እንግዲህ ጎረቤታችን ቤቱን ሸጦ የሚሄድ አይመስልም።

ሁለተኛው ትንበያ «ውሎ አድሮ ሁሉም አንድ ይሆናል» የሚል ነው። ይህ ተሞክሯል። የሕንዱ ሙጋል ንጉሥ አክባር በ1575 በፋቴህፑር ሲክሪ የሃይማኖት መወያያ አዳራሽ አሠራ። ሙስሊሞችን፣ ሂንዱዎችን፣ ጃይኖችን፣ ዞራስትሪያኖችን፣ በኋላም ኢየሱሳውያን ካህናትን እየጠራ ያከራክር ነበር። በ1582 ከሁሉም የቀዳ የራሱን መንገድ አቋቋመ፤ የተከተሉት ግን ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። እርሱ ሲሞት መንገዱም አብሮት ሞተ። በእኔ ግምት ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው የሚጸልየው ከተለያዩ ሃይማኖቶች በተመረጡ መልካም ሐሳቦች አይደለም፤ እናቱ ባስተማረችው ቃል፣ አባቶቹ በተቀበሩበት ሥርዓት ነው። ያን ነጥቃችሁ «ይኸው፣ ከሁሉም የተጨመቀ» ብትሉት እጁን አይዘረጋም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የተለመደ አነጋገር አለ፤ «ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው፤ መንገዱ ነው የተለያየው» የሚል። የሚሉት ሰዎች ልባቸው ቅን ነው። ሆኖም አንድ አማኝ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚደርሰው አስቡ። «አንተ የምትጾምለት፣ አያቶችህ የሞቱለት ነገር ዝርዝር ነው፤ ዋናውን የማውቀው እኔ ነኝ» የተባለ ያህል ነው። የነገረ መለኮት ምሁራን አመለካከቶችን በሦስት ይከፍላሉ፦ መዳን በእኔ መንገድ ብቻ ነው የሚል አግላይ፣ የሌላውም ብርሃን ከእኔው ምንጭ የወጣ ነው የሚል አካታች፣ መንገዶቹ ሁሉ እኩል ያደርሳሉ የሚል ብዙኃዊ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጠበኛ፣ የመጨረሻው ሰላማዊ ተደርጎ ይቀርባል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጎረቤቱ እንደማይድን አምኖ ለዚያው ጎረቤት የሚሞት ሰው አለ፤ ሁሉም እኩል ነው እያለ የማንንም እምነት ተቀምጦ ለመስማት ትዕግሥት የሌለውም አለ። ጥያቄው ስለ ሰማዩ ምን ታምናለህ ብቻ አይደለም። በምድር ላይ የጎረቤትህ በር ሲሰበር የት ትቆማለህ የሚልም ነው።

አሁን ወደ አንድ ሰው ታሪክ ልውሰዳችሁ። ዡል ኢሳቅ ፈረንሳዊ አይሁድ የታሪክ መምህር ነበሩ። የፈረንሳይ ልጆች በትውልድ ሁሉ ታሪክ የተማሩት እርሳቸው ካዘጋጇቸው የመማሪያ መጻሕፍት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ አይሁድ በመሆናቸው ከሥራ ተባረሩ። በ1943 ሚስታቸውና ልጃቸው ተይዘው ተወሰዱ፤ በናዚዎች የሞት ካምፕ በአውሽዊትዝም ተገደሉ። እርሳቸው በዚያች ሰዓት ከቤት ወጥተው ስለነበር ተረፉ።

ዕድሜ ልካቸውን ለልጆች መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የኖሩት እኚህ ሰው ያነሡት ጥያቄ የመምህር ጥያቄ ነበር፦ ልጆች ምን ተምረው ነው እዚህ የተደረሰው? ወንጌሎቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ስብከቱንና የሃይማኖት ትምህርቱን ከጎናቸው አስቀምጠው አስተያዩ። ክርስትና ራሱ ሳይሆን፣ በክርስትና ስም ለዘመናት የተላለፈ አንድ ነገር አገኙ፤ «የንቀት ትምህርት» ብለው ጠሩት። አይሁድ ሁሉ፣ በየትውልዱ፣ በክርስቶስ ሞት ተጠያቂ ናቸው የሚለው ትምህርት ነው። ለገዳዮቹ መንገዱን የጠረገው እርሱ ነው አሉ።

ሰኔ 13 ቀን 1960 ኢሳቅ በ83ኛ ዓመታቸው ጥናታቸውን ይዘው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ፊት ቀረቡ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርቷን እንድትመረምር ጠየቁ። ሲሰናበቱ ትንሽ ተስፋ ይዤ ልሂድ ወይ አሉ። ሊቀ ጳጳሳቱም ከተስፋ የሚበልጥ ነገር ይገባዎታል ብለው መለሱላቸው። ኢሳቅ በ1963 ሞቱ፤ ውጤቱን አላዩም። ጥቅምት 28 ቀን 1965 የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች ያወጣውን መግለጫ በ2,221 ድጋፍና በ88 ተቃውሞ አጸደቀ። የክርስቶስ ሞት በዘመኑ በነበሩትም ሆነ በዛሬዎቹ አይሁድ ሁሉ ላይ ሊላከክ አይችልም አለ። ስለ ሙስሊሞች፣ ስለ ሂንዱዎችና ስለ ቡድሂስቶችም በአክብሮት ተናገረ።

በዚህ ታሪክ ላይ የቆየሁት ከመሪዎች መጨባበጥ ይልቅ የወደፊቱን የሚያሳየን እርሱ ስለሆነ ነው። ለውጡ የመጣው አንድ የተጎዳ ሰው «ስለ እኔ ለልጆቻችሁ የምትነግሩትን እስኪ እንየው» ሲል ነው። ያኛው ወገን ደግሞ መጽሐፉን ገልጦ አየ። ካቶሊክነቱን አልተወም፤ ከራሱ ቅዱሳት መጻሕፍት ተነሥቶ የራሱን ስሕተት አረመ። የምትማሩበትን፣ የምታስተምሩበትን፣ ልጆቻችሁ የሚማሩበትን መጽሐፍ እስኪ በዚህ ዓይን እዩት። በዚያ መጽሐፍ ስለ ሌላው ሃይማኖት የተጻፈውን የዚያ ሃይማኖት ሰው ቢያነበው «አዎ፣ ይህ እኔ ነኝ» ይላል?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰነድ ተፈርሟል። በ1986 በጣሊያኗ ከተማ በአሲሲ የተሰበሰቡት የሃይማኖት መሪዎች «አብረን ልንጸልይ ሳይሆን፣ ልንጸልይ አብረን ልንሆን» በሚል ጥንቃቄ ተገናኙ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ቦታ ጸልዮ ከዚያ በአንድ አደባባይ ቆመ። በ2007 138 የሙስሊም ሊቃውንት ለክርስቲያን መሪዎች ደብዳቤ ጽፈው፣ ፈጣሪን መውደድና ባልንጀራን መውደድ የጋራችን ነው አሉ። በ2019 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስና በግብፅ ያለው የእስልምና ትምህርት ማዕከል የአል አዝሃር ታላቅ ኢማም አህመድ አል ጠይብ በአቡ ዳቢ ስለ ሰው ልጆች ወንድማማችነት በጋራ ፈረሙ። ሁሉም መልካም ነው። ግን ታሪክ ያስጠነቅቀናል። በ1893 በቺካጎ የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ሲከፈት ሕንዳዊው የሂንዱ መነኩሴ ስዋሚ ቪቬካናንዳ የጉባኤው ደወል ለአክራሪነት ሁሉ የመርዶ ደወል እንዲሆን ተመኝተው ነበር፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላ ብዙዎቹ አገሮች በእግዚአብሔር ስም ጭምር እየማሉ የዓለም ጦርነት ውስጥ ገቡ።

ሰነድ ወደ ሰፈር ወርዶ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ወደ ሰሜን ናይጄሪያ ይሂድ። ፓስተር ጀምስ ዉዬና ኢማም መሐመድ አሻፋ በካዱና የየወገናቸው የታጠቁ ወጣቶች መሪዎች ነበሩ። በ1992 ግጭት ፓስተሩ ቀኝ እጃቸውን አጡ፤ ኢማሙ ደግሞ መንፈሳዊ አስተማሪያቸውንና ሁለት የአጎት ልጆቻቸውን። ሁለቱም ለዓመታት በቀል ሲያሰላስሉ ኖሩ። በ1995 ተገናኙ። ኢማሙን ያለሰለሳቸው በአንድ ስብከት የሰሙት የይቅርታ ቃል ነበር። ፓስተሩን ደግሞ የገዛ ወገናቸው የሆነ አንድ አገልጋይ ክርስቶስን በጥላቻ መስበክ አይቻልም ብሎ ገሠጻቸው። አስተውሉ፤ ሁለቱንም የመለሳቸው ከሃይማኖታቸው ያስወጣቸው ቃል አይደለም፤ ይበልጥ ወደ ሃይማኖታቸው ያስገባቸው ቃል ነው።

አብረው የሽምግልና ማዕከል አቋቋሙ። በ2000 ካዱና እንደገና በደም ታጠበች። በነሐሴ 2002 የከተማዋ የሃይማኖት መሪዎች በሁለቱ ሰዎች ጥረት የሰላም ስምምነት ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ግን ሌላ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ። ሁለቱ ሰዎች ሥራቸውን አልተዉም። አንድ ጊዜ ታርቆ የሚያበቃ ነገር እንዳልሆነ ገብቷቸዋል፤ እንደ እርሻ ነው፣ በየዓመቱ ይታረማል።

በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክም በ2013 መጨረሻ ዋና ከተማዋ ባንጊ ስትታመስ በነበረችበት ወቅት ኢማም ኦማር ኮቢን ላያማ ከነቤተሰባቸው የተጠለሉት በሊቀ ጳጳስ ዲዩዶኔ ንዛፓላይንጋ ግቢ ነው። ለወራት በአንድ አጥር ኖሩ፤ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪ ጋር ሆነውም አገሪቱን እየዞሩ ሰው ማስታረቅ ያዙ። ኢማሙ በ2020 አርፈዋል። ሊቀ ጳጳሱ ቤታቸውን ሲከፍቱ የሥላሴን ትምህርት አላላሉም፤ ኢማሙም ግቢው ውስጥ ሶላታቸውን አልተዉም።

አሁን ሁላችን የምንሸሸውን ጥያቄ ላንሣው፤ ሃይማኖት መለወጥን። ስብከትና ዳዕዋ የእምነታችን ክፍል ነው የሚሉ ታላላቅ ሃይማኖቶች አሉ፤ ይህን ተዉ ማለት እምነታችሁን ተዉ ማለት ነው። በሌላ በኩል ልጁ ሃይማኖቱን ሲለውጥ የሚደማ ቤተሰብ አለ፤ ያም ሕመም ውሸት አይደለም። በ1948 የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ 18ኛው አንቀጽ ሲጻፍ ሃይማኖትን የመለወጥ መብት ትልቅ ክርክር አስነሣ፤ ሳዑዲ አረቢያም ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። የፓኪስታኑ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዘፍሩላህ ኻን ግን ከቁርኣን «የሻም ሰው ይመን፣ የሻም ሰው ይካድ» የሚለውን ጠቅሰው አንቀጹን ደገፉ። በ2011 ደግሞ ቫቲካን፣ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የዓለም ወንጌላውያን ኅብረት በአንድነት አንድ መመሪያ አወጡ፤ የሰውን ድህነትና ችግር መጠቀሚያ አድርጎ መስበክ ከወንጌል ጋር አይሄድም የሚል።

እኔ የምለው ግልጽ ነው። ሰው አምኖ ሊገባ፣ አምኖ ሊወጣ ይችላል፤ ፈጣሪ ራሱ ያላስገደደውን ማንም ሊያስገድደው አይገባም። የራበውን ሰው ግን በእህል ጆንያ እየጎተቱ ማሳመን ስብከት አይደለም፤ ንግድ ነው። በመግቢያው ብቻ የሚደሰትና በመውጫው ሰይፍ የሚመዝዝ እምነት ገና ራሱን አላመነም። ከጠቀስኳቸው ነገሮች ሁሉ የወደፊቱን ግንኙነት አጥብቆ የሚፈትነው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በእጁ ስልክ የያዘ ወጣት አባቶቹ በዕድሜ ልካቸው ያልሰሙትን የእምነት ክርክር በአንድ ሌሊት ይሰማል።

ስልኩን ካነሣሁ አይቀር፤ በመጋቢት 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች ለጁምዓ በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ የተኮሰው ሰው 51 ሰው ሲገድል ድርጊቱን በቀጥታ በኢንተርኔት እያስተላለፈ ነበር። በሚቀጥለው ወር በስሪላንካ በትንሣኤ በዓል ዕለት በአብያተ ክርስቲያናትና በሆቴሎች በፈነዱ ቦምቦች ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። ጥላቻ ዛሬ ሰፈር አይመርጥም፤ በሌላ አህጉር የተሰደበ ነቢይ ወይም የተቃጠለ መጽሐፍ በሰዓታት ውስጥ እዚህ ደጃችን ይደርሳል። በሌላ በኩል በ2020 በሮም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር የወጣውን ጥሪ በ2023 የአይሁድና የሙስሊም መሪዎች፣ በ2024 ደግሞ በሂሮሺማ የእስያ ሃይማኖቶች መሪዎች ፈርመውበታል። የሰው ልጅ ክብር ምንድን ነው በሚለው ጥያቄ አንድ ወገን መቆማቸው ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ላይ የሚያሠራ ሥራ አንዳንዴ ከመቶ ውይይት የበለጠ ያቀራርባል።

ከመጨረሴ በፊት በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ በአይሁድና በክርስቲያን ምሁራን ተጀምሮ በኋላ ሙስሊሞች የገቡበት አንድ የንባብ ልምድ አለ። የየሃይማኖቱ ሰዎች ከየመጽሐፋቸው በአንድ ጉዳይ ላይ አጭር ክፍል ይዘው ይመጣሉ፤ አብረው ያነባሉ። መስማማት ግዴታ አይደለም። እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ነበር። የዕለቱ ንባብ አብርሃም ልጁን ሊሠዋ የሄደበት ታሪክ ነበር።

ከዘፍጥረት የሚያነቡት አንድ አዛውንት አይሁድ ነበሩ። ልጁ አባቱን እሳቱና እንጨቱ ይኸው፣ በጉ ግን የታለ ብሎ የሚጠይቅበት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝግ አለ። ቀጥሎ አንድ ወጣት ሙስሊም ከቁርኣን አነበበ። በዚያ ልጁ አይጠይቅም፤ አባትየው ሕልሙን ይነግረዋል፤ እርሱም «አባቴ ሆይ፣ የታዘዝከውን ሥራ» ይላል። የልጁ ስም አልተጠራም። ክርክር ተነሣ፤ ይስሐቅ ነው፣ ኢስማኢል ነው፤ ሁሉም የየራሱን አስረዳ፣ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። አንድ ቄስ፣ የኛ አባቶች በልጁ ውስጥ ክርስቶስን ያያሉ አሉ። አዛውንቱ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ፤ ግን «ቀጥሉ፣ ልስማ» አሉ።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ይሰሙ የነበሩ አንዲት እናት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስጠግተው በጣታቸው መስመር በመስመር ተከተሉ። ከዚያ ቀና ብለው «እናትየውስ? ልጇን ይዞ ሲወጣ ነግሯታል?» አሉ።

ሁላችንም ወደየገጻችን ተመለስን። ሣራ በዚያ ምዕራፍ የለችም። በቁርኣኑ ክፍልም እናት የለችም። አዛውንቱ ገጹን ገልጠው የሚቀጥለው ምዕራፍ በሣራ ሞት እንደሚጀምር አሳዩን፤ ሊቃውንቶቻቸው ሁለቱን ማያያዛቸውን ነገሩን። ወጣቱ ሙስሊም ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። ሰዓቱ አልቆ ሳለ ማንም አልተነሣም፤ አዛውንቱ ወደ ሴትየዋ ዞረው «እስኪ እርስዎ ይንገሩን፤ ምን ትል ነበር?» አሉ፣ ወጣቱም ወንበሩን ወደ እርሳቸው አስጠጋ።